ለእህቴ ያልተፈቀደው የተፈቀደ መድኃኒት

መነሻ፣ ኦሮራ

እህቴ ራሄል ከላስ ቬጋስ፣ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ደወለችልኝ። በፈረንጆቹ 2020 መገባደጃ ላይ ነው። እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ እየተነፈሰች ነበር የምትናገረው፤ የኦክስጅኑ ፉጨት ከድምፅዋ እኩል ይሰማኛል።

"ነይልኝ" አለችኝ። "ቤቴ ግቢና አንድ ነገር ጣይልኝ።"

"ምንድን ነው የምጥለው?"

"መታጠቢያ ቤት፣ ከመስተዋቱ ኋላ የሻምፑ ካርቶን አለ። ሳትከፍቺ ጣይው። ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ቁልፍ አላቸው። እሳቸው እንዳያዩት።"

ከዚያ ሳሉ ያዛትና ስልኩ ተዘጋ።

ራሄል በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከገባች ጀምሮ በላስ ቬጋስ ትልልቅ ሆቴሎች የእንግዳ ክፍል ስታጸዳ ኖራለች። ኮሮና ሲመጣ ሆቴሎቹ ተዘጉና ከሥራ ተቀነሰች። በዚያው በጋ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘባትና ኪሞ ጀመረች። አሁን ደግሞ ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ገብታለች። ሁሉም ሰው ኮሮና ነው ብሎ ነበር። ሁለት ጊዜ መርምረው የለባትም አሉ፤ ሳንባዋ ግን ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ሄደ።

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው፤ የምሠራውም ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሳንድዊች ቤት ነው። ሲያስል የሚውለውን መንገደኛ ስለማይ በአውሮፕላን ሄጄ በሽታ ይዤባት እንዳልገባ ፈራሁ። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ገበያ ስላልነበረ ደስ እያለው ሰጠኝ። እንቁላል ቀቀልኩ፣ ዳቦ ቆሎ በከረጢት ያዝኩ፣ ሻይ በፔርሙስ ሞላሁና ጎሕ ሲቀድ መኪናዬን አስነሣሁ።

ተራራውና በረሃው

ከኦሮራ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወዲያው ሽቅብ ይወጣል። በረዶው በሁለቱም ጎን ታርሶ ተከምሯል። ከተራራው ሆድ ውስጥ በሚያልፈው ረጅሙ ዋሻ በኩል ስሻገር ጆሮዬ ተደፈነ። ከዋሻው ማዶ ጭነት መኪኖች ጎማቸው ላይ ሰንሰለት ሊያስሩ መንገድ ዳር ተሰልፈው ነበር። እኔም ከአንዱ ኋላ ሆኜ በዝግታ ወረድኩ።

ከቀትር በኋላ ዩታ ገባሁ። በረዶው ቀርቶ መሬቱ እንደ ሸክላ ቀላ። ግሪን ሪቨር በምትባል ትንሽ ከተማ ነዳጅ ስቀዳ ጋሎኑ ሁለት ዶላር ከምናምን ነበር፤ በኮሮና ምክንያት ሰው ስለማይንቀሳቀስ ረክሷል። ገንዘብ ተቀባይዋ ጠና ያለች ሴት ናት። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

"ቬጋስ" አልኳት።

"ቁማር ልትጫወቺ?"

"እህቴ ታማብኝ።"

ፈገግታዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከዚህ ወዲያ ለረጅም መንገድ ነዳጅም ሽንት ቤትም እንደሌለ ነገረችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቋጥኝና ሰማይ ብቻ ነው። መጣል ያለብኝ ምን ይሆን እያልኩ ነዳሁ። የሰው ገንዘብ ይሆን? ማንም የማያውቀው ሰው ኖሯት ይሆን? ራሄል የሚደበቅ ነገር ያላት ሴት አልነበረችም።

ሳይመሽ መንገድ ዳር ያለ ሞቴል ገባሁ። ባለቤቱ የአልጋውን ዋጋ ከለጠፈው ላይ ቀነሰልኝ፤ ከእኔ ሌላ እንግዳ አልነበረውም። በማግስቱ ቀይ ገደል ለሁለት በሰነጠቀው ሸለቆ ውስጥ ተጠምዝዤ ሳልፍ አየሩ ሞቀ፣ ጃኬቴን አወለቅሁ።

ወደ ላስ ቬጋስ ሲቃረቡ መጀመሪያ የሚቀበሉት ማስታወቂያዎች ናቸው። አንዱ የመኪና አደጋ ጠበቃ ነኝ ይላል። ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ ቅጠል ተሥሎበት በጥራት የተመረመረ ካናቢስ እንሸጣለን ይላል። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ካናቢስ ቤት፣ ከዚያም ሌላ። በእኛ ኮሎራዶም የተፈቀደ ስለሆነ ዐይኔ ለምዶታል፤ ሳላነብብ አለፍኳቸው።

ምሥራቅ ላስ ቬጋስ

ራሄል የምትኖረው ዳውንታውን ከሚሉት ከመሐል ከተማው በስተምሥራቅ፣ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነው። ፓርክ አድርጌ ስወርድ ጋሽ ታደሰ በረንዳቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በስደተኝነት ሱዳን በኩል የመጡ፣ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ዳውንታውን አንድ ካዚኖ ውስጥ በጥበቃ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ራሄልን ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ኮሮናውን ፈርተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ።

"እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። እንደ እህትሽ ያለ ጨዋ ሰው አላየሁም። ምን እንዳገኛት እንጃ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ታደሰ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጣት ነበር።"

ቁልፉን ሰጡኝ፤ ገባሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ማብሰያው አጠገብ የአጃ ሾርባ ደርቆበት የቀረ ድስት ነበር። ሶፋው ጎን ትልቅ የማስታወክያ ባልዲ ተቀምጧል፤ እሱም ታጥቦ ተወልውሏል።

ካርቶኑን ሳልከፍት ልጥለው አስቤ ነበር። ስይዘው ግን ብርጭቆ ተንኳኳብኝ፣ ከፈትኩት። የብዕር መልክ ያለው በባትሪ የሚሠራ ማጨሻ አገኘሁ፤ ቬፕ የሚሉት ነው። አጠገቡ እንጆሪና ማንጎ የተሣለባቸው ትንንሽ ፓኬቶች አሉ፤ በየውስጣቸው ማር የመሰለ ዘይት የያዘች ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ አለች። ፓኬቱን አዟዙሬ አነበብኩት። የካናቢስ ዘይት ነው።

አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ። ራሄል በሠርግ እንኳ ጠጅ የማትቀምስ ሴት ናት። አገር ቤት ብንሆን ይህን ነገር በአንድ ስም ነው የምንጠራው፦ ሐሺሽ። ሐሺሽ ደግሞ የዱርዬ ነገር ነው።

ስልኬን አውጥቼ ቬፕና ሳንባ ብዬ ፈለግሁ። ከኮሮና በፊት በነበረው ዓመት በመላው አሜሪካ ብዙ ሰው በዚህ ታሞ እንደነበረ፣ የሞቱም እንዳሉ፣ አብዛኛው ከሕጋዊ ሱቅ ውጪ የተገዛ እንደሆነና ሻጮች ዘይቱን ለማወፈር የሚጨምሩበት ቅባት ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ ተጽፏል። የበሽታው ምልክት ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ነው። ኮሮና ብለን ስንፈራ የከረምነው ሁሉ እዚያ ላይ ነበረ።

ደወልኩላት።

"ጣልሽው?" አለችኝ።

"ራሄል፣ ይሄንን ለሐኪሞቹ ነግረሻቸዋል?"

 ኦክስጅኑ ብቻ ይፏጫል።

"ኪሞው ውኃ እንኳ ሆዴ ውስጥ አላስቀር አለኝ" አለች በመጨረሻ። "ያዘዙልኝን ክኒን ሁሉ ዋጥኩ፤ ያንኑ መልሼ ነው የማወጣው። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉብኝ። አንዷ ነርስ፣ 'አንዳንድ ታማሚዎች ካናቢስ ይሞክራሉ፤ እዚህ የተፈቀደ ነው፣ ሐኪምሽን ጠይቂ' አለችኝ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?"

"የዜግነት ጉዳዬን የያዘውን ጠበቃ ቀድሜ ጠየቅሁታ። 'እንዳትነኪው' አለኝ። 'ኔቫዳ ፈቀደች እንጂ ፌዴራሉ አልፈቀደም፤ ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ ፌዴራሉ ነው። በሐኪም ካርድ ብትወስጂውም ያው ነው። ተጠቅሜአለሁ ካልሽ ይከለክሉሻል፣ አልተጠቀምኩም ካልሽ በመሐላ ዋሽተሻል' አለኝ። ሱቁ ደግሞ ስትገቢ መታወቂያሽን ያያል፣ ስካን ያደርጋል። ፈራሁ።"

ስለዚህ መታወቂያ ከማይጠይቅ ሰው ገዛች። ማቅለሽለሹ ሲመጣባት አንድ ሁለት ጊዜ ትስባለች፣ ከዚያ ሾርባ ትጠጣለች፣ ትተኛለች። እሱን ስትነግረኝ ድምፅዋ ለአፍታ ቀለል አለው። ከበሽታው ወዲህ የበላችው ያኔ ብቻ ነበር።

"ሆስፒታል የገባሁ ቀን አስተርጓሚ በስልክ አቀረቡልኝ" አለች። "ሴትየዋ 'ያጨሳሉ? ቬፕ ይጠቀማሉ?' ስትለኝ ድምፅዋን የማውቀው መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን የማገኛት ሴት መሰለችኝ። 'በፍጹም' አልኳት።"

"ሳንባሽን የጎዳው እሱ ሊሆን ይችላል እኮ። ንገሪያቸው።"

"ከተጻፈ ተጻፈ ማለት ነው። እማዬን ማን ያመጣታል? አንቺ?"

 የኔ የጥገኝነት ጉዳይ ለዓመታት ውሳኔ አላገኘም። እናታችን አዲስ አበባ ብቻዋን ናት፤ ልትመጣልን የምትችለው ራሄል ዜግነት ካገኘች ነው። ቃለ መጠይቋ በኮሮና ምክንያት ተላልፎ ነበር። ራሄል በካንሰር ላይ ሆና የምትጠብቀው ነገር እሱ ነበር።

ሰዘርን ሃይላንድስ

ለሐኪሟ ከመንገሬ በፊት ዘይቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለግሁ። ባውቅ ሕክምናው የሚቀና መሰለኝ። ጋሽ ታደሰን ራሄል በቅርቡ የት የት ትሄድ እንደነበረ ጠየቅኋቸው።

"ሰዘርን ሃይላንድስ፣ መሠረት የምትባል ያገር ልጅ ጋ ሁለት ሦስቴ አድርሻታለሁ" አሉኝ። "የፀጉር ቅባት ትሸጣለች አለችኝ።" መሬት መሬት እያዩም፣ "ፀጉሯ ረግፎ የምን የፀጉር ቅባት ነው ብዬ አልጠየቅሁም" አሉ።

በማግስቱ እሳቸው እየነዱ ወሰዱኝ። ሰዘርን ሃይላንድስ ከከተማው በስተደቡብ ያለ፣ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ፣ ዘንባባው በመስመር የተተከለ ሰፈር ነው። ጨለማ ቅያስ ውስጥ የሚሸሸግ ሻጭ ነበር የጠበቅሁት። የመሠረት ቤት ግን በር ላይ የልጅ ብስክሌት ቆሟል፣ ሣሩ ተከርክሟል። ጋሽ ታደሰ መኪና ውስጥ ቀሩ። መሠረት የጋራዡን በር ከፍታ ማስኳን እያስተካከለች ወጣች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቆንጆ፣ ጥፍሮቿን የተሠራች ሴት ናት። ካዚኖ ውስጥ መጠጥ ታቀርብ እንደነበረና በቲፕ ይህን ቤት እንደገዛች፣ ካዚኖው ሲዘጋ እንደተቀነሰች ቆይቶ ነገረችኝ።

"የራሄል እህት ነኝ" አልኳት።

"ውይ፣ እንዴት ሆነችልኝ? ስደውል አታነሣም።"

"ሆስፒታል ናት። ሳንባዋ ነው የታመመው።" አንዱን ፓኬት ከቦርሳዬ አወጣሁ። "ይሄ ውስጥ ምን አለ?"

ፊቷ ተለወጠ። መንገዱን ግራ ቀኝ አይታ ወደ ጋራዡ ውስጥ አስገባችኝ።

"እኔ አልሠራውም" አለች። "ከካሊፎርኒያ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። ተመርምሯል ብሎኛል። ፓኬቱ ላይም ተጽፏል፣ አንብቢው።"

"ባዶውን ፓኬት ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ይገዛዋል። አንብቤአለሁ። ከሱቅ ለምን አላመጣሽላትም?"

"የሱቁ ታክስ አለው፣ ውድ ነው። ደግሞ እኔ ጋ የሚመጡት ሱቅ መግባት የማይችሉ ሴቶች ናቸው። አንዷ የወር አበባ ሕመም አላት፣ አልጋ ላይ ነው የምትውለው። አንዷ ወገቧ ሆቴል ፍራሽ ስታነሣ ተጎድቷል። ባሏ ካየ ይገድላታል። ሁሉም እንደ እህትሽ ወረቀታቸውን ይፈራሉ። ካዚኖ ሳለሁ የማውቃቸው ናቸው፣ እኔን ያምኑኛል።"

"ከነሱ ውስጥ የምታስል አለች?"

 አጠገቧ ያለውን መደርደሪያ ይዛ ቆመች።

"እኔም ራሴ አስላለሁ" አለች። "ኮሮና ይዞኝ የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር።"

ልጣላት ነበር የሄድኩት። መኪና ውስጥ ሆኜ የምላትን ቃል ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ግን የበሽተኛ ፊት ነው ያየሁት። የሰውዬውን ስም ጠየቅኋት፤ የምታውቀው ቅጽል ስሙን ብቻ ነው። ስልኩን ሞከረች፣ አይሠራም። ሐኪም ቤት እንድትሄድ ለመንኳት። "ኢንሹራንሴ ከሥራዬ ጋር ሄደ" አለችኝ። እንዳትሸጥ ስለምናት ደግሞ አንገቷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

የሆስፒታሉ ግቢ

ጠያቂ ማስገባት ተከልክሎ ስለነበር የራሄልን ሐኪም ያነጋገርኳት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መኪና ላይ ሆኜ በስልክ ነው። ፊት ለፊቴ የተደረደሩት መስኮቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ራሄል ከየትኛው ኋላ እንዳለች አላውቅም። ጣቴ ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከነገርኩ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ እማዬ ትቀራለች። ካልነገርኩ ራሄል ትቀራለች። ደወልኩ።

በምችለው እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሟ አላቋረጠችኝም።

"መጀመሪያ ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ሌላ መድኃኒት ነበር የምጀምርላት" አለችኝ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ነው ያለው። "አሁኑኑ ስቴሮይድ እንጀምራለን። እኛ ለኢሚግሬሽን የምናሳውቀው ነገር የለም፤ መዝገቧ ላይ ግን መጻፍ አለብኝ። እኔ እንዳልተናደድኩባት ንገሪያት።"

ራሄል ግን ተናደደችብኝ። በዚያው ቀን ደወለች።

"እማዬን እዚያው አስቀረሻት" አለችኝና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ስደውል አላነሣችም። ነርሷ ናት ኦክስጅኑ እየተቀነሰላት እንደሆነ የምትነግረኝ። ጧት ጧት ግቢው ውስጥ ፓርክ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

መድኃኒቱ ሠራ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልመለሳትም። ኦክስጅን የሚሠራ ማሽን ይዛ ወደ ቤቷ ስትወጣ አንድ እጄን ለድጋፍ ስሰጣት ያዘችው። ክብደቷ የሕፃን ነው። "አመሰግናለሁ" አላለችኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ሶፋው ላይ ካረፈች በኋላ፣ "ያቺን ድስት ጥሩ አድርገሽ አጥበሻታል" አለችኝ። እርቃችን ይኼው ነበር።

ካንሰር የሚያክማት ሐኪም ግን ሳንባዋ ይህን ያህል ተጎድቶ ኪሞ መስጠት አልችልም አለ። በተቋረጠው ጊዜ ውስጥ በሽታው ጉበቷ ላይ ደርሷል። ማቅለሽለሹ ያለ ኪሞም ተመልሶ መጣ። ባልዲው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ዳውንታውን

አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ ከሺፍት ሲመለሱ ራሄል ስታስመልስ ከበረንዳው ሰሙ። እኔን ጠርተው፣ "ያ ነገር ሱቅ ያለው ተመርምሮ ነው አይደል የሚሸጠው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"የሚጨስ ያልሆነም አለው?"

"የሚጠጣ ጠብታ አለ አሉ።"

ጋሽ ታደሰ ዜግነት ካገኙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። "እኔን ማን ምን ያደርገኛል" አሉና ጃኬታቸውን ለበሱ።

ዳውንታውን ያለው ካናቢስ ቤት ከጌጣጌጥ መሸጫ አይለይም። መስተዋቱ ያንጸባርቃል፣ ወለሉ ላይ ለመራራቅ ምልክት ተለጥፏል፣ ጎብኚዎች እየሳቁ ተሰልፈዋል። እኔ ለጥገኝነት ጉዳዬ ፈርቼ ማዶ ቀረሁ። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተራቸውን ጠበቁ። ከፊታቸው የነበሩት ጥንዶች ፎቶ ይነሣሉ። ቆይተው በላብ ርሰው ወጡ፤ ትንሽ የወረቀት ከረጢት በእጃቸው ይዘዋል።

"የትኛው ላብራቶሪ እንደመረመረው ሳይቀር ተጽፎበታል" አሉኝ። "እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?"

ለእሳቸው ቀላል ነበር።

ጠርሙሷን ራሄል ፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡላት። ለረጅም ጊዜ አየቻት፣ አነሣቻት፣ የተጻፈውን ሁሉ አነበበች።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ታደሰ" አለች። "ይውሰዷት።"

"ልጄ፣ የተመረመረ ነው። ሐኪምሽንም ጠይቀናት፣ ብትሞክሪው አልጠላም ብላለች።"

"ቃለ መጠይቁ ሲደርስ አስምለው ይጠይቁኛል። ያለፈውን አንድ ጊዜ በሕመም ተሳሳትኩ እላለሁ። ዛሬ አውቄ ከወሰድኩ ምን እላለሁ?"

"እስከዚያ ምግብ ሳትበዪ?"

"እስከዚያ እችለዋለሁ።"

ቃለ መጠይቁ እንደማይደርስላት ሦስታችንም እናውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።  ጋሽ ታደሰ ጠርሙሷን ኪሳቸው ከተው በዝግታ ወጡ። እኔ ባልዲውን ላጥብ ገባሁ።

መመለስ

ከሥራ ደውለው ካልተመለስኩ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡ ነገሩኝ። ራሄልን ይዣት ልሄድ አሰብኩ። የኋላውን ወንበር በትራስ ሞላሁ፣ ለማሽኑ የመኪና ቻርጀር ገዛሁ። ሐኪሟን ሳስፈቅድ ግን፣ "የት ነው የምትወስጃት?" አለችኝ።

"ኦሮራ።"

"ኦሮራ ከፍታ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ተራራውን መሻገር አለ። አየሩ ይሳሳል፤ ይህ ሳንባ አይችለውም።"

ምሳ ሊያመጡላት ጋሽ ታደሰ ቃል ገቡልኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ነርስ ትመጣለች። ስሰናበታት ራሄል አንሶላዋን እያስተካከለች፣ ሆቴል እንደምታነጥፈው ጠርዙን አጥብቃ እየከተተች ነበር። መናገር ስለሚያደክማት፣ "አታናግሪኝ" ብላ ሳመችኝ።

የመመለሻው መንገድ ላይ ያየሁትን ብዙ አላስታውስም። ተራራው ላይ ዋሻው ጋ ስደርስ ጆሮዬ እንደ ቅድሙ ተደፈነ፤ ትንፋሽ ሳብኩ፣ ገባልኝ። አየሩ በነጻ ይገባል። መኪናዬን ዳር አቁሜ ቆየሁ። ከዚያ ኦሮራ ወረድኩ፣ ቤቴን ከፈትኩ፣ በማግስቱ ሳንድዊች ልሠራ ሄድኩ።

ራሄል 2021 በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አረፈች። ያገኟት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ለቀብሩ ስመለስ መሠረትን ከሰው ርቃ ቆማ አየኋት። ታስላለች። አሁንም ትሸጥ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልጻፍ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ለሐኪም የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ተምሬአለሁ። ማን እንደሞላው የማይታወቅ ዘይት ወደ ሳንባ መሳብ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ይህን ለማውቃቸው ሴቶች ሁሉ እናገራለሁ። እነሱ ግን፣ "እሺ፣ ሱቅ መግባት ለማንችለው ምን ትመክሪናለሽ?" ይሉኛል። ካናቢስ በተፈቀደበት ከተማ ውስጥ፣ ማስታወቂያው ሰማይ ላይ በተሰቀለበት ከተማ ውስጥ፣ እህቴ ከጋራዥ ነበር የገዛችው። 

የራሄልን ስም ቀይሬ ነው የጻፍኩት፤ የሌሎቹንም እንዲሁ። ለእማዬ ኮሮና ነው ብለናታል። ዘመድ ሁሉ ተመካክሮ የተስማማው ነው፤ ሐሺሽ የሚለው ቃል ከልጇ ስም ጋር እንዳይነሣ። አመነች። አሁን ኮሮናውን ፈርታ ከቤት አትወጣም። ጎረቤት ቡና ሲጠራት በሩን አትከፍትም፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ትታለች። ገበያ ልጅ ልካ ያመጣላትን ሽንኩርት እንኳ በሳሙና ታጥባለች። ባለፈው ስደውልላት፣ "ያን ሁሉ ሐኪም ይዘው አንድ መድኃኒት አጡላት?" አለችኝ።

"አጡላት፣ እማዬ" አልኳት።